ላይሰንስ ያለው ፓምፕ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ካም ሶፍትዌር ዋጋ ነው። ቆዩ፣ ገጹን አትግለጡት። እኔም ሌላ የሚወራ ነገር ባገኝ ደስ ባለኝ። ግን አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሽማግሌዎችና በባለቤቴ ፊት ያዋረደኝ ፍቅር ወይም ፖለቲካ ሳይሆን ይኸው ሶፍትዌር ነው። ሰው ደግሞ የሚያወራው የደረሰበትን ነው።

በታችኛው የከተማው ክፍል፣ ሲቀላ ውስጥ፣ ከመኖሪያችን ጋር የተያያዘ ትንሽ የብረት ሥራ ቤት አለኝ። ቶርኖ አለ፣ ብየዳ አለ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ አንድ ያገለገለ ሲኤንሲ ማሽንም አለ። ማሽኑን የገዛነው ባለቤቴ አስቴር ዕቁብ በደረሳት ጊዜ ስለሆነ በቤታችን «የአስቴር ማሽን» ነው የሚባለው። ሲበላሽ ብቻ የእኔ ይሆናል።

ይህ ማሽን ብረት መቁረጥ ያውቃል እንጂ ምን እንደሚቆርጥ አያውቅም። የሚነግረው ካም የሚባል ፕሮግራም ነው። በኮምፒውተር የሳላችሁትን ሥዕል ወስዶ «እዚህ ግባ፣ እዚያ ውጣ፣ እዚህ ጋ ቀስ በል» ወደሚል ትእዛዝ ይለውጥለታል። ያለ ፕሮግራሙ ማሽኑ ቁም ሣጥን ማለት ነው። እንዲያውም መጀመሪያ ሰሞን አስቴር የበረከትን ዩኒፎርም ታሰጣበት ነበር። በረከት ልጃችን ነው፤ ዩኒፎርሙ ቶሎ ይደርቅ ስለነበር በማሽኑ ደስተኛ እሱ ብቻ ነበር።

እናም የፕሮግራሙን ዋጋ ለማወቅ ድረ ገጹን ከፈትኩ። ዋጋ የለም። «ዋጋ ለማወቅ ያነጋግሩን» ይላል። እኛ ገበያ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ሻጩ መጀመሪያ ጫማችሁን አይቶ ነው ዋጋውን የሚናገረው። እነዚህ ጫማዬን ማየት ስላልቻሉ ስሜን፣ ስልኬንና የሥራ ቤቴን ስም ጠየቁ። ሞልቼ ላክሁ። አዲስ አበባ ያለው ወኪላቸው መለሰልኝ፣ እኔም መልሱን አንብቤ ውኃ ጠጣሁ። ዋናው ፕሮግራም ለብቻው ይከፈልበታል። ጠመዝማዛ ነገር ለመቁረጥ የሚያስችለው ክፍል ለብቻው፣ ከእኔ ማሽን ጋር የሚያግባባው ደግሞ ለብቻው። ሁሉም በዶላር። ያ ሁሉ ሆኖም አይሸጥላችሁም፤ ለዓመት ያከራዩዋችኋል። በሬ ትገዛላችሁ፣ ቀንበሩን ለብቻ ትገዛላችሁ፣ «ና» ሲሉት መምጣቱን ለብቻ ትገዛላችሁ፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ በሬው ይወሰዳል።

ለወኪሉ «አስቤበት እደውላለሁ» ብዬ ጻፍኩለት። የአገሬ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ከዚያ አንድ ጓደኛዬ ያንኑ ፕሮግራም በፍላሽ አመጣልኝ። የተሰበረ ነው፤ ክራክ ይሉታል። ሁለት ነገር አስጠነቀቀኝ። አንደኛ፣ ኮምፒውተሩን ኢንተርኔት እንዳይነካው፤ ከነካው ለባለቤቶቹ ያሳብቃል። ሁለተኛ፣ ጊዜው እንዳያልቅበት የኮምፒውተሩን ቀን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ። ይህን ሲለኝ ህሊናዬ ከወንበሩ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ማለት እኮ የእኛው ዘመን ነው። የዕለቱን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞላሁለት። ኮምፒውተሩ አልዋሸም፣ እኔም አልዋሸሁም። ፕሮግራሙ ፈረንጅ ስለሆነ ብቻ በራሱ ተሳሳተ። በዚህ ብልጠቴ ለአንድ ሳምንት ያህል ብቻዬን ስስቅ ከረምኩ።

«የበረከት አባት፣ ፕሮግራሙን ገዛኸው?» አለችኝ አስቴር።

«አገኘሁት» አልኳት።

ውሸት አይደለም። ግን እሷ የሰማችው ሌላ ነው፣ እኔም እንድትሰማ የፈለግሁት ሌላውን ነው። ደስ አላት። ማሽኑ የዕቁቧ ፍሬ ነውና ደስታዋን ሰው እንዲያይላት ሰዓሊ ጠርታ በራችን ላይ በቀይ ቀለም «በኦርጂናል ሶፍትዌር እንሠራለን» አስጻፈች። ብረት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ አየሁት። «አምሯል» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ጽሑፍ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሥራ ይፈልጋል። ደንበኛው ያነባል፣ ይጠይቃል። ሳላስበው በየሥራው ዋጋ ላይ «የላይሰንስ» እያልኩ ትንሽ ትንሽ መጨመር ጀመርኩ። ላልከፈልኩት ነገር ነው የማስከፍለው። መጀመሪያ አፍሬ ነበር። ሰው ዝም ብሎ ሲከፍል ግን ሐፍረት ቶሎ ይደክመዋል። ምንነቱን የጠየቀኝ ካለ «ላይሰንስ ያለው ዕቃ ዕድሜው ረጅም ነው» እለዋለሁ።

ይህን ካመኑኝ ሰዎች አንዱ ጋሽ ሻንቆ ናቸው። ጋሽ ሻንቆ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ላንቴ በምትባል መንደር ሙዝ የሚያለሙ፣ ቤተ ክርስቲያንም መንደርም የሚሰማቸው የአገር ሽማግሌ ናቸው። ከወንዝ ውኃ የሚስበው ፓምፓቸው ውስጥ የሚሽከረከረው ክንፍ ተበልቶ ስለነበር አዲስ ሠራሁላቸው። ጋሽ ሻንቆ ማለት በአንድ ግንድ ሙዝ ዋጋ ሲከራከሩ የጭነት መኪናው ሹፌር ተስፋ ቆርጦ ሞተር የሚያጠፋላቸው ሰው ናቸው። እኔን ግን አልተከራከሩኝም። ላንቴ ተመልሰውም «የእኔ ፓምፕ ላይሰንስ አለው» ብለው አወሩልኝ። ጎረቤቶቻቸው ተራ በተራ መጡ፣ ሁሉም ላይሰንስ አለው ወይ እያሉ። አለው እያልኩ ሠራሁ።

አንድ ቅዳሜ ኳስ የማይበት ቦታ አጣሁና የሥራ ቤቱን ኮምፒውተር ኢንተርኔት ላይ አገናኘሁት። የደገፍኩት ቡድን ተሸነፈ። እሱ ቀላል ነበር። ማክሰኞ ስልኬ ጮኸ፤ ያ የአዲስ አበባው ወኪል ነው።

«ሰለሞን እባላለሁ። ሐሙስ አርባ ምንጭ እገኛለሁ» አለኝ በጣም በትሕትና። «ስለ ላይሰንሱ ጉዳይ ተገናኝተን ብንነጋገር ይመችዎታል?»

ትሕትናው ነው ያስፈራኝ። የተቆጣ ሰው ቁጣውን ጨርሶ ይሄዳል፤ እንዲህ የሚለሰልስ ሰው ግን አሳሪ ይዞ ነው የሚመጣው። ኮምፒውተሩ እንዳሳበቀብኝ ገባኝ። ሥራ ቤቱ ታሽጎ፣ የአስቴር ማሽን በጭነት መኪና ሲወሰድ፣ አስቴርም ያን ቀይ ጽሑፍ እያየች በሩ ላይ ቆማ ታየኝ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሁሉ ጤነኛ ሰው አይሠራውም። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኩ። «ኦርጂናል» የሚለው ቃል ላይ የወንጌል ጉባኤ ፖስተር ለጠፍኩበት። አስቴር ከገበያ ስትመለስ «ማን ነው ያለፈውን ጉባኤ እዚህ የለጠፈው?» ብላ ላጠችው። እንደገና ለጠፍኩ፣ እንደገና ላጠች። ጉባኤው ካለፈ ወር ሆኖታል፤ እኛ በር ላይ ግን በቀን ሦስቴ ይጀመራል፣ ሦስቴ ያልቃል።

ረቡዕ ጋሽ ሻንቆ የወንድማቸውን ፓምፕ ሊያሠሩ መጡ። በአንድ እጄ ፖስተር፣ በሌላው ሙጫ ይዤ አገኙኝና ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። በጋሞኛ ነው የምንነጋገረው፣ በጋሞኛ ደግሞ መዋሸት ያቅተኛል፤ እናቴ የምትሰማኝ ይመስለኛል።

«አዲስ አበባ ያለ ሰው በድያለሁ» አልኳቸው። «ነገ ይመጣል።»

«ምን ወሰድክበት?»

«ፕሮግራም።»

«አሁን እሱ ጋ የለም?»

«አለ።»

«ታዲያ ምን ወሰድክ?»

«ግልባጩን።»

ጋሽ ሻንቆ አሰቡበት። «ከሰው ሙዝ ሥር የበቀለውን ቡቃያ ሳታስፈቅድ ቆፍረህ ወሰድክ። እናቲቱ እዚያው ቆማለች።»

«እንደሱ ነው።»

«እሱማ ሌብነት ነው» አሉ በቀስታ፣ እኔን ላለማስደንገጥ ይመስላል። «ይሁን። ሰው ይሳሳታል። ሳር ይዘን እንገባለታለን።»

ለማያውቅ ልንገረው። በእኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ የተበደለ ሰው አልፎት አይሄድም። የፈሰሰ ደም በሳር ይቆማል። እኔ ደግሞ ይህን ያህል ትልቅ ነገር ለኪራይ ሶፍትዌር ልጠቀምበት ነው። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ይልቅስ እጃቸውን ስሜ አመሰገንኩ።

«አንድ ነገር ግን» አሉኝ ሲወጡ። «ሳር ከተያዘ በኋላ የተደበቀ መኖር የለበትም። ከደበቅክ ጎሜ ነው፤ እኛም ላይ ይመጣል። ባለቤትህም ትምጣና ትስማ።»

ጎሜ ማለት ነውር ነው፣ ግን ነውር ሆኖ የማይቀር፤ ከብት የሚያከሳ፣ ዝናብ የሚከለክል፣ ልጅ የሚያሳምም ነውር። ፓስተራችን ቃሉን አይወዱትም። ሊሞክረው የሚደፍር ግን እስካሁን አላየሁም።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ሻንቆ ከላንቴ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው መጡ፣ ሦስቱም ባለ ቀለሙን የጋሞ ልብስ፣ ዱንጉዛቸውን፣ ለብሰው። አስቴር «ከደንበኛ ጋር አለመግባባት ነው» ብያት ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችን። ወኪሉ ያረፈው ከከተማው ዳገት ላይ፣ ሴቻ፣ ሁለቱን ሐይቆች ቁልቁል የሚያሳይ ሆቴል ነው። ከሲቀላ ወንዝ ዳር ያጨድነው ሳር ግን ሚኒባሱ ውስጥ በሙቀቱ ጠውልጎ ሴቻ ሲደርስ ድርቆሽ መሰለ።

«በዚህ አይለመንም» አሉ ጋሽ ሻንቆ።

ስለዚህ ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ጎንበስ ብዬ በየቀኑ ውኃ ከሚጠጣው አረንጓዴ ሳር መንጨት ጀመርኩ። ዘበኛው ከኋላዬ መጣ።

«አስፈቅደሃል?»

ቀና ብዬ አየሁት። ሰሞኑን ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ሆኗል። ዘበኛው ሽማግሌዎቹን ሲያይ ግን ኮፍያውን አውልቆ ከእኔ የተሻለውን ሳር ነጭቶ ሰጠኝ።

ሰለሞን በረንዳው ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ዳቦና እንቁላል እየበላ ነበር። ወጣት ነው። ሊጨብጠን ብድግ ሲል ሦስቱ ሽማግሌዎች ሳሩን ከፍ አድርገው ፊቱ ተንበረከኩ። ለማን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ከኋላው አንድ ጦጣ ብቻ ነበረች፣ እሷም አጋጣሚውን አላባከነችም፤ ዳቦውን ይዛ ወጣች።

«ኧረ አባቶቼ፣ በእግዚአብሔር ተነሡ» አለ ሰለሞን ደንግጦ። «ምን አጥፍቼ ነው?»

«አንተ አላጠፋሽም» አሉ ጋሽ ሻንቆ። በአማርኛ ሲናገሩ ሰውም ዕቃውም ሴት ነው። «ልጃችን በድላሻል። ይቅር በላት።» ወደ እኔ ዞሩ። «ተናገር።»

ተናገርኩ። ፍላሹን ነገርኩት። የተሰበረ መሆኑን ነገርኩት። ኳሱን ሳይቀር ነገርኩት። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ስነግረው ሰለሞን እጁን አፉ ላይ አደረገ።

«ይሄንን እንኳ ሰምቼ አላውቅም» አለ።

ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የቀፈፈኝ። «ኮምፒውተሩ አላሳበቀብኝም?» አልኩት።

«ማን?»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«አዲስ ዋጋ ወጥቷል፤ ለትንንሽ ሥራ ቤቶች ቀለል ያለ። አስቤበት እደውላለሁ ብለውኝ ነበር፣ ስላልደወሉ እኔ ልደውል ብዬ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። ሴቻ ያለው ገደል ቅርብ ስለሆነ ብዙም መከፈት አያስፈልጋትም ነበር። አስቴር ወደ ሐይቁ እያየች ነው። «በሩ ላይ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ያን ዓረፍተ ነገር እስካሁን እሰማዋለሁ።

ሰለሞን ደግ ልጅ ነው። ይቅር ብያለሁ አለ፣ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ሊያነሣ እጁን ዘረጋ። ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እኔም ይህን ሳልጽፍ እኖር ነበር። ግን ሊረዳኝ ፈለገ።

«ክፍያው እንዳይከብድዎት አንድ ነገር ልምከርዎ» አለ ላፕቶፑን ወደ እኔ እያዞረ። «በየሥራው ላይ 'የላይሰንስ' ብለው ትንሽ ይጨምሩ። ደንበኛው አይሰማውም።»

ጋሽ ሻንቆ ገና ከጉልበታቸው አልተነሡም።

«ላይሰንስ ነው ያልሽው?» አሉት። «ፓምፕ ውስጥ የምትገባዋ?»

«ፓምፕ ውስጥ አይገባም አባቴ። ፕሮግራሙን ለመጠቀም ለእኛ የሚከፈል ነው።»

ወደ እኔ ዞሩ፣ በጋሞኛ። «እኔ የከፈልኩትስ ለማን ሄደ?»

«ለእኔ።»

«ዕድሜው ረጅም ነው ያልከኝስ?»

«ዋሸሁዎት ጋሼ።»

ቢጮሁብኝ እንዴት ደስ ባለኝ። አልጮሁም። በእጃቸው ያለውን ሳር አዩት፣ ቀጥሎ ሁለቱን ሽማግሌዎች አዩ። ሁለቱም ላይሰንስ ያለው ፓምፕ አላቸው። ያስገዟቸው ጋሽ ሻንቆ ናቸው።

«ለላንቴ ሰው ሁሉ የነገርኩት በእኔ አፍ ነው» አሉ። «አሁን እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

ስለ ራሴ ብዙ ነገር መቀለድ እችላለሁ፣ ስለዚህች ግን አልችልም። ቃላቸው ብቻ ርስታቸው የሆነ ሰው ናቸው። እኔ ያንን ቃል በብረት ቁራጭ ላይ ጨምሬ ሸጬዋለሁ፣ ያውም ጉልበታቸው ስለ እኔ መሬት ላይ እያለ።

አሁን እሳቸውን የሚለምንልኝ ያስፈልጋል፤ ሽማግሌ ደግሞ የተቀየመውን ሰው ወክሎ ሳር አይዝም። ሦስቱም ተቀይመዋል። አስቴርማ ተዉት። ጋሽ ሻንቆ በረንዳውን ዙሪያውን ቃኙና ሳሩን ለሰለሞን ዘረጉለት።

«ከዚህ መሃል ይቅር ያልሽው አንተ ብቻ ነሽ» አሉት በአማርኛ። «ያዢልኝ።»

ሰለሞን ምን እንደሚደረግ አልገባውም። አስቴር ናት ቀርባ ያሳየችው፤ በሁለት እጅ፣ ከፍ አድርገህ አለችው። ጋሽ ሻንቆ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያ የዘረፍኩት ልጅ፣ የሠርግ ሱሪ የመሰለ ሱሪውን ለብሶ፣ የዘበኛውን ሳር ይዞ ፊታቸው ተንበረከከ። እኔም ከጎኑ ወደቅሁ።

«ጋሼ» አለ፣ «እኔ እዚህ አገር ደንቡን አላውቅም። ግን ሰውየው አፍሯል። ይቅር ይበሉት።»

ጦጣዋ እንኳ ዛፉ ላይ ዳቦዋን ማላመጥ ያቆመች መሰለኝ።

«የወሰድከውን በየቤቱ ታደርሳለህ» አሉኝ ጋሽ ሻንቆ በመጨረሻ። «ከብሩ በፊት ግን ቃሉ ይድረስ። በራስህ አፍ። ሻንቆ አልዋሸም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት ትላለህ።»

አልኩ። ከሙዝ ማሳ ወደ ሙዝ ማሳ፣ ፓምፕ በሚያጓራበት ቦታ ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንዳንዱ ጋ ፓምፑ ስለሚጮህ ሁለቴ እየደገምኩ፣ ላይሰንስ የለውም፣ ውሸቱ የእኔ ነው አልኩ። አንዲት ሴትዮ «ታዲያ ምን ይሻላል፣ ይፈንዳ ይሆን?» ብለው ልጃቸውን ከፓምፑ አራቁት። አይፈነዳም ብል የሚያምነኝ ሰው አልነበረም።

ፕሮግራሙን ገዛሁ፣ ማለቴ ተከራየሁ። የኮምፒውተሩ ቀን አሁን የፈረንጅ ነው። አስቴር በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በራሷ እጅ ቀባችውና ከላዩ «ብረት እንሠራለን» ብላ ጻፈች። ስለ ጉዳዩ አንድም ቀን አላነሣችብኝም። ማሽኑ ላይ ግን እንደገና ዩኒፎርም ማስጣት ጀምራለች፣ እኔም ዩኒፎርሙን ሳላነሣ ዙሪያውን እሠራለሁ።

ባለፈው ጋሽ ሻንቆ የወንድማቸውን ፓምፕ ይዘው ተመለሱ። እንዳየኋቸው ወንበር አቀረብኩ፣ ውኃ አቀረብኩ፣ የማቀርበው ሲያልቅብኝ ቆምኩ። የተበላውን ክንፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«አሁን እውነተኛው ላይሰንስ አለህ?»

«አለኝ ጋሼ። የተከፈለበት።»

«ዋጋው ጨመረ?»

«ትንሽ» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

ጋሽ ሻንቆ ክንፉን አገላብጠው አዩት። «እንግዲያው እንደ መጀመሪያው፣ ያለ ላይሰንስ ሥራልኝ» አሉ። «የእኔው እስካሁን አልተበላሸም።»

ሳቅሁ። እሳቸው ግን መልስ እየጠበቁ ነበር።